ሚዛኑ ትክክል ነበር

ወላይታ ሶዶ
ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለሱሀይብ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እኔ እናትህ በአላህ ፈቃድ ቆሜ እሄዳለሁ። እህትህ ሰልዋም ደህና ናት፤ ሱቁን የያዘችው እሷ ናት። ይህን ደብዳቤ የሰፈራችን ልጅ ነስረዲን ወደ ጆሃንስበርግ ሲመለስ ያደርስልሃል። በስልክ ልነግርህ ስንቴ ጀምሬ ወሬ ቀየርኩ። «አባትህን ትንሽ ደከም አድርጎታል» ያልኩህ እውነት አይደለም። ከመስከረም ጀምሮ ቀኝ ጎኑ አይታዘዘውም፤ ንግግሩም ሄዷል። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉን።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ደም ግፊቱን ሊታይ ጤና ጣቢያ ሄደ። ሔርሜላ የምትባል ነርስ ለካችው፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ፣ ክብደቱ ዘጠና ስድስት ኪሎ። «ኪሎውን ለቁመትዎ ያካፍሉ፤ የወጣውንም ደግመው ለቁመትዎ ያካፍሉ» አለችው። ነጋዴ አይደል፣ እዚያው አሰላውና ሠላሳ ሦስት መጣ። ለአዋቂ ሰው ጤናማው ከአሥራ ስምንት ተኩል እስከ ሃያ አምስት ነው፤ ሠላሳን ካለፈ ልብም ደም ሥርም ይጨነቃል ብላ አስረዳችው። «ቁጥሩ ብቻውን ሁሉን አይናገርም፣ ጡንቻና ስብ አይለይም። የእርስዎ ወገብ ግን ያንኑ ነው የሚለው» አለችው።

አባትህ የያዘውን አይለቅም። ማለዳ ማለዳ በእግሩ ይወጣ ጀመር። አርብ ከጁምዓ በፊት ኩንታል በምንመዝንበት ሚዛን ላይ ይቆምና ቁጥሩን ለሰልዋ ይነግራታል። በሦስት ወር ሰባት ኪሎ ቀነሰ። «ሠላሳ አንድ ገባሁ» ብሎ እንደ ልጅ ደስ አለው።

ከዚያ ወሬው መጣ። በእኛ ከተማ ከሳ ማለት ወይ ታመመ ወይ ከሰረ ማለት ነው፤ ወፈርክ ማለት ደግሞ ሙገሳ ነው። የቢጠና ገበያ ደንበኞቹ «በድሩን ምን ነካው?» ይሉ ጀመር። ጎረቤታችን ብርነሽ እንኳ በአጥር በኩል «ዛራ፣ ሰውዬው አለቀ እኮ። አታበላውም እንዴ?» አለችኝ። ለቀልድ ነበር። እኔን ግን አጥንቴ ድረስ ገባ። ሠላሳ ዓመት ያበላሁት ባሌ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎመን ቅቅል ሲጠይቀኝ ቅቤ አቅልጬ ከሥር አስገባለሁ። የቡላ ገንፎውንም በቅቤ ሠርቼ «ውሃ ብቻ ነው» እለዋለሁ። አንዳንዴ ሲሸተው «ተይ ዛራ» ይላል፤ እንዳይከፋኝ ግን ይበላል።

ኪሎው ተመለሰ። አባትህ ግራ ገባውና «ሚዛኑ ነው የተበላሸው» አለ። በሚዛን ታምቶ የማያውቅ ሰው፣ ሳላውቅ ስንቱን በድዬ ይሆን እያለ ሰላም አጣ። ሚዛን የሚጠግን ሰው አስመጣ። ሰውዬው ድንጋዩን እያነሳ እያስቀመጠ ፈተሸና «ሀጂ፣ ሚዛኑ ትክክል ነው» አለው። እኔ የጓዳው በር ላይ ቆሜ ነበር። አባትህ ሚዛኑን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ማታም የሰጠሁትን በላ።

መስከረም ላይ ከወደቀ በኋላ ለሔርሜላ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። «ቅቤው ብቻ አይደለም፤ ግፊቱም ነበር፣ ዕድሜም አለ» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው፤ አላህ ይስጣት።

ባለፈው ወር የላክኸውን ፎቶ ድሮ ቢሆን «ማሻአላህ፣ ልጄን ተመችቶታል» ብዬ ለብርነሽ ላሳያት እሮጥ ነበር። አሁን ግን ከቀበቶህ በላይ የተረፈውን አይቼ ቁጭ አልኩ። ሱሀይብ፣ ፎቶ ይቅርብኝ። ቁመትህንና ኪሎህን ጻፍልኝ፤ ራሴ አካፍላለሁ፣ ተምሬዋለሁ። ወገብህንም ለካ፣ ግፊትህንም ታይ። «ደህና ነኝ» አትበለኝ፤ እኔም ስንቴ ብዬሃለሁ።

አባትህ አንድ ቃል ተርፎታል። ውሃ ሲፈልግም፣ ፎቶህን ሳሳየውም፣ ሲያለቅስም የሚለው እሱኑ ነው። ሐኪሙ ምላሱ ያገኘውን ነው የሚያወጣው፣ ትርጉም አትፈልጊለት ይለኛል። ቃሉ «ተይ» ነው።

ስትሄድ «ወፍረህ ግባ» ብዬ መርቄህ ነበር። ያንን ምርቃቴን አንስቻለሁ። በሁለት እግርህ ቆመህ፣ በራስህ አንደበት «እማ» እያልክ ግባልኝ። አሚን በል።

እናትህ ዛራ