ባልቴቷን ያልተለዩት አባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችን በ1947 ዓ.ም. ከአናጢ አባታቸውና የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው፣ ከዳቦ መጋገሪያው ጀርባ በነበረች ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። የተወለዱበትን ወር መታወቂያቸው ኅዳር ይለዋል፤ እናታቸው ግን ዝናብ ጣሪያውን እየደበደበው ነው የወለድኩት ይሉ ነበር። አባታችን ራሳቸው ሲጠየቁ «ያኔ ቀን መቁጠሪያ ማንበብ አልጀመርኩም» ብለው ስለሚያልፉት፣ እኛም ሳናስተካክለው ትተነዋል።

የመጀመሪያና መካከለኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተከታትለው፣ በመቀጠል ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው በ1966 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቀዋል። ጸጥተኛ ተማሪ እንደነበሩ የክፍል ጓደኞቻቸው ይመሰክራሉ፤ የኤሌክትሪክ ደወሉን ውስጡን ለማየት ብለው ፈትተው መልሰው ሲገጥሙት፣ ማጥፋት አቅቶ ትምህርት ቤቱ ሲጮህ ከዋለበት ዕለት በስተቀር።

በ1967 ዓ.ም. በአንድ የሊፍት ተከላና ጥገና ድርጅት ተቀጥረው፣ በ2007 ዓ.ም. በጡረታ እስከተሰናበቱበት ጊዜ ድረስ በዚያው አገልግለዋል። የሥራ ቦታቸው በሕንፃዎች አናት ላይ ያሉ ጠባብ የሞተር ክፍሎች ነበሩ፤ የቅባት ሽታ፣ ወፍራም የብረት ገመድ፣ ቀና ብለው የማይቆሙበት ጣሪያ። በሥራቸው ቀልድ አያውቁም። ሊፍት ሲቆም ትንሽ ከተንገጫገጨ፣ ወይም ከወለሉ የጣት ውፍረት ያህል ዝቅ ብሎ ካረፈ፣ ደንበኛው «ይበቃል፣ ደህና ነው» ቢልም እንኳ እንደገና ፈትተው ይገጥሙት ነበር። ይህን የምንጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚንገጫገጭ ነገር እንዲህ የማይወዱ ሰው ሌላኛዋን እንዴት እንደወደዷት እስከ ዛሬ ስላልገባን ነው።

ሌላኛዋ በ1972 ዓ.ም. ጡረታ ከወጣ አንድ ፖስተኛ የገዟት ሞተር ሳይክል ናት። ያኔም አርጅታ ስለነበር የሥራ ባልደረቦቻቸው «ባልቴቷ» አሏት፤ ስሙም ጸናባት። ባልቴቷ በመጀመሪያው እርግጫ ተነሥታ አታውቅም። መጀመሪያ ትስላለች፤ ቀጥሎ ዝም ትላለች፤ ከዚያ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ድንገት ትጀምራለች። ሜዳ ላይ ብስክሌተኞች ይቀድሟታል። ዳገት ላይ ማርሿ በጊዜው ካልተቀነሰላት ትቆማለች። ፍሬኗም ገና ከሩቅ ካልተያዘ የሚሰማ አልነበረም። ድምፅዋ ግን ከሩቅ ይሰማል።

በዚሁ ምክንያት ሰዎች ሊፍት ውስጥ ተይዘው ለአባታችን ሲደወል «መጣሁ» ብለው ስልኩን ስለሚዘጉና ከዚያ በኋላ ስለሚዘገዩ፣ በሥራው ዓለም የሚታወቁት «ጋሽ መጣሁ» በሚለው ስም ነው። የአንድ ሕንፃ ጥበቃ የነበሩ ጓደኛቸው ትናንት ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው እንደነገሩን፣ አንድ ቀን ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መካከል የተያዘ ጠበቃ በሩን እየደበደበ «የት አለ ሰውየው?» ይላል። ጥበቃው በመስኮት ጆሯቸውን አውጥተው «አይዞህ ጌታዬ፣ መጥቷል» ይሉታል። «የታለ ታዲያ?» «አደባባዩ ጋ ነው፤ ሰምቻታለሁ።» «አደባባዩ ጋ ሆኖ ነው መጣ የምትለኝ?» «እኔ ሰማኋት አልኩ እንጂ ደረሰ አላልኩም!» ጠበቃው ሳቀ ይባላል። ሲወጣ ግን ለድርጅቱ አቤቱታ ጻፈ። አባታችን በዚህ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል፤ ሞተሯን ግን አልቀየሩም።

በ1974 ዓ.ም. ከእናታችን ጋር ጋብቻ መሠረቱ። እናታችን በአንድ የቢሮ ሕንፃ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን ባልቴቷ ላይ ከኋላ አስቀምጠው ቤታቸው ሲያደርሷቸው፣ መንገዱ አልቆ አባታችን ገና የልጅነት ታሪካቸውን እንዳልጨረሱ፣ ቀሪውን ለመስማት ሲሉ ማግባት ግድ እንደሆነባቸው እናታችን ይናገራሉ። ከጋብቻው በኋላ ግን ሞተሯን «ጣውንቴ» እያሉ ነው የሚጠሯት። «ሰው ጣውንቱ ወጣት ስትሆን ይናደዳል፤ የእኔ ባል በአሮጊት ቀየረኝ» ይላሉ። ከጋብቻቸው አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል። ትንሿ ከእኅትና ወንድሟ ብዙ ዓመት ዘግይታ ስለመጣች፣ «እሷም በባልቴቷ ነው የመጣችው» ይባልላት ነበር።

ባልደረቦቻቸው ይቀልዱባቸው ነበር። «ጋሽ መጣሁ፣ እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል፤ የእርስዎ እንቁላል መቼ ነው እግር የሚያወጣው?» ሲሏቸው አብረው ይስቃሉ። ሊያግዛቸው ያሰበ ደግሞ «ተዉአቸው፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ካለ፣ ይሄኔ ይቆጣሉ። «እኔ ስለ መፍሰስ ያነሣሁት ነገር የለም። ፈርቼም አይደለም፣ ቆጥቤም አይደለም። ደስ ስለሚለኝ ነው» ይላሉ። ይህን ቃል ማንም አምኖላቸው አያውቅም። አንዳንዱ ድሮ አደጋ ደርሶባቸው ይሆናል ይላል። እናታችን ደግሞ ባላቸው ለሟች እናታቸው ቃል ገብተው ይሆን ብለው ይጠረጥሩ ነበር። ሁሉም ምክንያት ይፈልግላቸዋል፤ እሳቸው የሚሰጡት ምክንያት ግን ያችው አንዷ ናት።

በ1999 ዓ.ም. የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ የሆነው ታላቅ ልጃቸው አዲስ፣ ፈጣን ሞተር ሳይክል ገዝቶ ስጦታ አመጣላቸው። ሰፈሩ ወዲያው «ጥይቷ» አላት። ወንድማችን ከልጅነቱ ጀምሮ አባታችንን የሚያስደስት ነገር ለመስጠት ይመኝ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። አባታችን መርቀው ተቀበሉት፤ ጥይቷንም ለጥቂት ወራት በትጋት ነዱ። እንደ ክቡር እንግዳ ነበር የያዟት። ከመንዳታቸው በፊት ይወለውሏታል፤ ሲመለሱ ጨርቅ ያለብሷታል። እናታችን «እንዴት ናት?» ብለው ሲጠይቁ «ግሩም ናት። ገና ጓንቴን ሳላጠልቅ ደረስኩ» አሉ። «ታዲያ ምን ሆነህ ነው ፊትህን የምታጠቁረው?» «ደረስኩ እንጂ አልሄድኩማ!» ሌላ ቀን ደግሞ ለልጃቸው ሲያስረዱ፣ «ባልቴቷ ያላትን ሁሉ ሰጥታኝ ነው የምትሄደው፤ እኔም ያለኝን እሰጣታለሁ። ጥይቷ ግን ከሩቧ በላይ ሰጥታኝ አታውቅም። ቁጭ ብላ ትታዘበኛለች» አሉት። ከዚያ ወደ ባልቴቷ ተመለሱ። ጥይቷ ጓሮ ቆመች። ወንድማችን ለብዙ ጊዜ በዓመት ሁለቴ ካልሆነ ብቅ አይልም ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ቤተሰቡ ተማክሮ አንድ ስሕተት ሠራ። አዲስ ነገር ካልወደዱ የሚወዱትን እናድስላቸው ብለን፣ መሸኛ ግብዣቸው ላይ ሳሉ ባልቴቷን በሰፈሩ «ዶክተር» ወደሚባለው መካኒክ ወሰድናት። ሐሳቡ የወንድማችን ነበር፤ ሁላችንም ግን ደግፈናል። ካርቡሬተሯ ተቀየረ፤ ካንዴላዋ፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ፣ ንዝረት የሚቀንሰው የሞተሯ ማረፊያ ጎማ፣ የፍሬኗ ሸራ ሁሉ አዲስ ሆነ። አሮጌውን ዕቃ ቆርቆሮ ሰብሳቢ ጭኖት ሄደ።

በማግሥቱ ጠዋት አባታችን ወጥተው ረገጧት። በመጀመሪያው እርግጫ ተነሣች። እግራቸው ለሁለተኛው እርግጫ እንደተነሣ አየር ላይ ቀረ። ዙሪያቸውን ተመለከቱ፤ የሌላ ሰው ሞተር የነኩ መሰላቸው። ከዚያ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞረው ተመለሱና ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው «እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእግራቸው ይሄዱ ጀመር።

ወንድማችን ይህን መቋቋም አልቻለም። «አባዬ፣ እኔ የነካሁት ነገር ሁሉ ለምንድን ነው የሚያስጠላህ?» አላቸው። አባታችን በጣም ደነገጡ። «ማን ነው የጠላ? ዳገቱ ላይ ስትደርስ ታመነታ ነበር። አሁን አታመነታም።» «ጥሩ አይደለም እንዴ?» «ጥሩ ነው። እኔ ግን ምን ልሥራ?» አሉ። ወንድማችን «እንግዲያው እንደነበረች አድርጌ አመጣልሃለሁ» ብሎ ወጣ።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ዶክተር «ሰው ሁሉ ጠግንልኝ ይለኛል፤ አበላሽልኝ ብሎ የመጣ አንተ የመጀመሪያው ነህ። እኔ ለማበላሸት አልተማርኩም» ብሎ ተቆጣ። ኋላ ግን እልህ ተጋብቶ ገባበት። ከአሮጌ ዕቃ ተራ ሌላ ካርቡሬተር ተፈለገ፤ ማርሚታዋ ተበሳ፤ የማረፊያ ጎማው ወለቀ። ወንድማችን ባልቴቷን ነድቷት ስለማያውቅ ስትነዳ ምን እንደነበረች የሚያውቁት አባታችን ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣና አባታችንን ከኋላ ያስቀምጣል። እሳቸውም ትከሻውን ይዘው፣ ጆሮው ሥር ሆነው፣ አሁን ቀንስላት፣ አሁን ተዋት፣ ቆይ ትናገር እያሉ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ሁልጊዜ ፍርዳቸው አንድ ነበር፦ «ገና ናት። ሳሏ ሌላ ነው።» ወንድማችንም በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ነገር አስፈትቶ ይመጣል።

ይህ ለዓመታት ቀጠለ። ወንድማችን አግብቶ፣ ወልዶ፣ ሱቁን አስፍቶ እንኳ ቅዳሜን አላስታጎለም። ጥይቷን ሸጣት። ባልቴቷ በዚህ ሁሉ መሐል በእኛ ጆሮ የድሮዋን ሆና ነበር፤ ጎረቤቶችም እንደ ድሮው መራገም ጀምረው ነበር። እናታችን አንድ ቀን «አንተ ሰውዬ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ አሁንም አልተስተካከለችም?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ «ትንሽ ይቀራታል» አሉ። ይቀራት የነበረው ምን እንደሆነ አናውቅም። የሚቀራት ነገር ይኑር አይኑርም ማወቅ አልቻልንም።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አባታችን በኩላሊት ሕመም ተይዘው በቤትና በሆስፒታል ሕክምናቸውን ሲከታተሉ ቆይተዋል። በታኅሣሥ ወር 2016 ዓ.ም. ሕመማቸው ጸንቶ ሆስፒታል ተኙ። በመጨረሻዋ ቅዳሜ ወንድማችን ባልቴቷን ነድቶ ከክፍላቸው መስኮት ሥር መጣ። ነርሷ ሮጣ ገብታ «ምንድን ነው ይሄ? ጄኔሬተሩ ፈነዳ እንዴ?» አለች። አባታችን መስኮቱ እንዲከፈትላቸውና በትራስ ቀና እንዲደረጉ ጠየቁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ «እሷ ናት» አሉ።

ወንድማችን በደረጃው እየሮጠ ወጣ። ከታመሙ ወዲህ ጋራዥ የሚሄድበት ጊዜ ስላልነበረው አንዲት ብሎን እንኳ አልነካም ነበር። «አባዬ፣ ምኗ ነው የተስተካከለው?» ቢላቸው፣ አባታችን ፈገግ ብለው «የምትነዳት አንተ ነህ፤ እኔን ትጠይቀኛለህ?» አሉት። ወንድማችን ወርዶ ለረጅም ጊዜ ላይዋ ተቀምጦ ቆየ። ሞተሯን አላጠፋም፤ ነርሷም ተመልሳ አልተቆጣችም።

አባታችን ጥር 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት፣ ልጆቻቸውና ባለቤታቸው አጠገባቸው እያሉ፣ በተወለዱ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ወይም እናታቸው ይሉ እንደነበረው ጥቂት ወራት ጨምረው፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለትዳርና የአንድ ወንድና የሁለት ሴት ልጆች አባት ሲሆኑ፣ ሁለት የልጅ ልጆችም አይተዋል።

ያለማሰለስ የጠየቃችሁን ወዳጆች፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ የሕክምና ባለሙያዎችና ጎረቤቶች ሁሉ ውለታችሁን ፈጣሪ ይክፈልልን። የአባታችንን ነፍስ በጎ ማረፊያ ይስጥልን። ስለ እሳቸው ያልገባን ብዙ ነው፤ ሳይገባንም እንድንጽናና ይርዳን።