ከኋላዎ ስለጠፋችው ሰባተኛ መኪና

ሰሜን አይስላንድ፣ የካቲት ማለቂያ

ለክቡር ቶርቫልዱር፣ የበረዶ መኪና ነጂዎች ማኅበራችን ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፤ «ሰልፉን በረዶ ላይ ጥሎ ሄደ» ብለው በማኅበሩ ሪፖርት ስሜን አጥፍተዋል። የሄድኩት እርስዎ የጣሏትን ሰው ፍለጋ ነው። ይህን ካልኩ በኋላ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ አሥሩም የእግር ጣቶችዎ በየቦታቸው እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ።

በአገራችን ሚኒስትሩም ያለ ማዕረግ በስሙ ይጠራል። እርስዎ ግን በሁለት ገጽ ውስጥ «ሊቀ መንበሩ» የሚለውን አሥራ አንድ ጊዜ ስለጻፉት፣ ደስ እንዲልዎት «ክቡር» እያልኩ እቀጥላለሁ።

አንደኛ፤ ወደ በረዶው ከመውጣታችን በፊት በመጨረሻው የእርሻ ቤት ደጃፍ ቆመን የጎማ አየር እናስተነፍሳለን። የረገበ ጎማ በረዶው ላይ ይተኛል፤ የተነፋው እንደ ቢላዋ ይሰምጣል። ደግሞም ማንም የራሱን ጎማ አይመረምርም፤ እያንዳንዱ ከኋላው የሚከተለውን ሰው ጎማ በእጁ ተጭኖ ያያል፤ ሰው ለራሱ ሲሆን ዳኝነቱ ይላላልና። ከእርስዎ ኋላ የነበረችው የዓሣ ፋብሪካው ወጥ ሠሪ ሶልቬይግ ናት፤ ከእኛ ጋር ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። የጎማው አየር ማስወጫ ቫልቭ በብርድ ተጣብቆ ቢያስቸግራት፣ እርስዎ «ሰዓት ሄደ፣ በእኔ ዱካ ተከተይኝ፣ ላይ ስንደርስ ታስተነፍሻለሽ» አሏት። ጎማዋን አልነኩም። ለሰዓት አክባሪነትዎ እጅ እነሳለሁ።

ሁለተኛ፤ የሰልፍ ሕጋችን ይህ ነው፦ በመስታወትህ የምታየው የኋለኛው ሰው መብራት የአንተ አደራ ነው። ሲጠፋ ትቆማለህ፤ አንተ ስትቆም ፊተኛው ያንተን መብራት አጥቶ ይቆማል፤ ሰልፉ በሙሉ እንዲህ ይቆማል። እኔ ከፊት ሆኜ መንገድ እከፍት ነበር፤ እርስዎ አምስት መኪና የደለደለልዎትን ስድስተኛ ቦታ መርጠዋል፤ ምቾት የማይወድ የለም። ጭጋጉ ሲወርድ በሬዲዮ መኪና እንድትቆጥሩ ጠየቅሁ። እርስዎ «ሁሉም አለ፤ ንዳ እንጂ አያቴ፣ ሾርባው ይጠብቀናል» አሉኝ፤ ሰዉም ሳቀ። እኔም አምኜ ነዳሁ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ በሪፖርትዎ ውስጥ ብፈልገው ግን አጣሁት።

ሦስተኛ፤ ሾርባው ወደሚጠብቀን ማረፊያ ጎጆ ስንደርስ የቆጠርኩት ስድስት መኪና ነው። እርስዎ «ጭጋጉ እስኪገለጥ እንጠብቅ» አሉ፤ እኔ ተመለስኩ። ከሦስት ሰዓት በኋላ አገኘኋት። መኪናዋ እስከ ሆዱ ሰምጧል፤ ሬዲዮዋ ከሰመጠችበት ጎድጓዳ ውስጥ አልሠራላትም። የጭስ ማውጫው በበረዶ ስለተደፈነ፣ ጭሱ እንዳይገድላት ሞተሩን አጥፍታ ብርዱን መርጣለች። ሐኪሞች ሁለት የእግር ጣቶቿን ቆርጠዋል። ሪፖርትዎ «ቀላል የቅዝቃዜ ጉዳት» ይለዋል፤ ስለ ቃል ቁጠባዎ አመሰግናለሁ።

በዚህ ሁሉ የተቀጣሁት እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁትን ትቼ፣ ከእንግዲህ ሰልፍ እንዳልመራ፣ የማንንም መኪና ለበረዶ እንዳላዘጋጅ ተወስኗል።

ለሚቀጥለው ቁጥር አልሰጥም። በማኅበሩ የክረምት ግብዣ የተለበለበው የበግ ራስ ፊታችን ቀርቦ ሳለ እርስዎ ተነሥተው፣ ዝም ካልኩ የክብር አባል እንደምሆን አበሰሩ። ያን ጊዜ ሶልቬይግ በምርኩዟ ቆመች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ቶርቫልዱር፣ ከኋላህ የነበርኩት እኔ ነኝ። መብራቴ ሲጠፋ አይተሃል?»

«ጭጋግ ነበር» አሏት።

«ስለ ጭጋጉ አልጠየቅሁህም። አይተሃል?»

እርስዎ ተቀመጡ። መቶ ሰው ሹካውን አስቀምጦ ጠበቀ።

ስለዚህ የክብር አባልነቱን መልሻለሁ፤ ሹመቴንም አልለምንም። በሚቀጥለው ክረምት ግን እዚያው የእርሻ ቤት ደጃፍ እቆማለሁ፤ የሚያልፈውን ጎማ ሁሉ፣ የእርስዎንም ጭምር፣ በእጄ ተጭኜ አያለሁ። የሚከለክለኝ ካለ ከመኪናው ወርዶ ይከልክለኝ።

ወንበርዎ እንዲሞቅ፣ መስታወትዎም እንዲጠራ ከልብ የምመኝልዎ፣ ከእግርዎ በታች ሳይሆን ከፊትዎ የነበርኩት፣

ብያርትማር

ድኅረ ጽሑፍ፦ «ጥሎ ሄደ» የሚለውን «ተለይቶ ሄደ» በሚል ሊያርሙት እንዳሰቡ ሰምቻለሁ። አይድከሙ። መልስ ያለብዎት ለሶልቬይግ ነው፤ ቤቷን ያውቁታል። እኔ የምለውን ብያለሁ፤ ከዛሬ በኋላ ስለዚያ ቀን ለእርስዎም ሆነ ለሌላ ሰው አንዲት ቃል አልናገርም።