ፔዳል ያልረገጠው ተረከዝ

ውዱ አባዬ፣

ከተለየኸን ሰባት ዓመት ሞላ። ባለፈው ወር ተዝካርህን አወጣን። የስፌት መኪናህ አሁንም በሩ ስር ናት፤ ወንድሜ ጌታቸው ይሰፋባታል። በርጩማህን ግን ቀይሮታል። ጀርባህ ብረት እንደነበር የገባው እሱ ላይ አንድ ሳምንት ተቀምጦ ነው።

የተረከዝህን ነገር ልንገርህ። ከተረከዝህ በላይ ያለው ጅማት እንዴት ወፍሮ ጠንክሮ እንደነበር ታስታውሳለህ? ልብስ ሰፊው ወንድምህ፣ አጎቴም፣ እንደዚያው ነበር፤ ጌታቸውም ሥራ በጀመረ በጥቂት ዓመት አወጣው። በቤታችን የልብስ ሰፊ ማዕረግ ነበር። ፔዳል ሲረግጥ የኖረ ሰው ምልክት ነው እየተባለ ይታያል፣ ይዳሰሳል። ሲያሞግሱህ አቀርቅረህ ትሰፋለህ እንጂ ደስ ይልህ ነበር፤ አውቅብህ ነበር።

እኔን ግን ወደ መኪናዋ አታስጠጋኝም ነበር። እጄን ስዘረጋ ደብተሬን ታመጣልኛለህ። ከከላላ ለገበያ የሚመጡ ደንበኞችህ ሴት ልጅ ሙያ ትማር እንጂ እያሉ ሲያሾፉብህ ትስቅና ሥራህን ትቀጥላለህ። ይኸው ዛሬ እዚሁ መካነ ሰላም ጂኦግራፊ አስተምራለሁ።

ዓምና ደሴ ስታከም ሐኪሟ ጫማዬን አስወልቃ ተረከዜን ስትዳስስ ቆየች። ጫማ ያሳበጠው ነው ብዬ የተውኩት የአንተው ጅማት ኖሯል። ደሜ ሲመረመር ኮሌስትሮሉ ከልክ ያለፈ ሆነ። ከወላጅ የሚወረስ ነው አለችኝ። ጉበት ያንን ስብ ከደም ውስጥ በደንብ ማጥራት ስለማይችል፣ ከልጅነት ጀምሮ ልብን በሚመግቡት የደም ሥሮች ላይ ይለጠፋል፤ ጅማት ላይም ይጠራቀማል። የቀጠነውንም የጾመውንም አይምርም። አንድ ጾም ሳትሽር የኖርከው አባቴ፣ ልብህ ድንገት ቀጥ ያለው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። አለቀስኩ።

ከዚያ ደግሞ ኮራሁብህ። አጎቴ ገበያ መሃል ወድቆ የሞተ ጊዜ ዘመድ ሁሉ የጎረቤታችን የእትዬ የሺ ዓይን ነው ሲል አንተ ብቻ እምቢ አልክ። ሐዘኑ ሳይወጣ ቤታቸው ገብተህ ምሳ በላህ፤ ሰው እያየህ ደጃቸው ላይ ተቀምጠህ ቀሚሳቸውን ጠቀምክላቸው። የወንድምህን ሕመም አታውቀውም ነበር። በሰው ላይ ያለ ማስረጃ ጣት እንደማይቀሰር ግን ታውቅ ነበር።

ጌታቸው አስቸገረኝ። ተመርመር ብዬ ዓመቱን ሙሉ ብለምነው፣ ጾመኛ ነኝ፣ ሥጋ የለኝም፣ ይሄ የፔዳል ነው እያለ እምቢ አለኝ። አንተ በሞትክበት ዕድሜ ላይ ሊደርስ ነው፤ እሱንም እንዳልቀብር ፈራሁ። በተዝካርህ ዕለት ዘመድ ድንኳን ውስጥ ሰብሰብ ብሎ የተረከዝህን ነገር እያነሳ ሲያሞግስ አላስቻለኝም። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ከጌታቸው እግር ጎን አስቀመጥኩ። ጎንበስ ብለው ሁለቱንም የዳሰሱት እትዬ የሺ ናቸው።

«ኧረ በአላህ! ይቺ ልጅ ደግሞ መቼ ፔዳል ረገጠች?» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ እግራችን ተጠጋ። ሐኪሟ ያለችኝን ሁሉ ነገርኳቸው። የአጎቴ ልጆች እየተያዩ ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ታላቋ ልጁ እትዬ የሺ እግር ስር ወድቃ ይቅርታ ጠየቀች፤ ብድግ አድርገው ሳሟት። ብታይ ምን ያህል ደስ ባለህ።

በዚያው ሳምንት ጌታቸው ደሴ ወረደ። እንደኔው ነው። ዕድሜ ልክ በየቀኑ የሚዋጠውን ኪኒን ጀምሯል፤ ልጆቹንም ሊያስመረምር ነው።

አባዬ፣ ከፔዳሉ ያራቅኸኝ ለትምህርቴ ብለህ ነበር። አስጠግተኸኝ ቢሆን የእኔንም ተረከዝ ፔዳል ነው ብለን አንተን እንደሸኘን ጌታቸውን እንሸኝ ነበር። ኪኒኔን በዋጥኩ ቁጥር ስምህን አነሳለሁ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሳልፍም ደጅህ ጋ ቆም እላለሁ፤ የመኪናዋን ድምፅ ሰምቼ ነው የምሄደው።

የማትረሳህ ልጅህ