በእረፍት ሰዓት ድስት እንዳያፏጭ ስለመከልከልዎ

ለክቡር አቶ አጊሲላዎስ ካራቫስ
የሕንፃችን አስተዳዳሪ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ቮሎስ ከተማ፣ ግሪክ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ ከጤናዎም አስቀድሜ እንቅልፍዎን እጠይቃለሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ አስራ አንድ ተኩል ማንኛውም የእንፋሎት ድስት እንዳያፏጭ የሚያዘውን ማስታወቂያ በአሳንሰሩ ውስጥ ከለጠፉ ወዲህ ፊትዎ ወዝ ማውጣቱን ነዋሪው ሁሉ እያየ ነው። እኔም የአራተኛ ፎቋ ጎረቤትዎ ቫሲያ ምስጋናዬን ከማስታወቂያዎ ጎን ለመለጠፍ ተደፋፍሬአለሁ። ቁጥር የሰጠሁት ለንባብ እንዲመችዎ ነው እንጂ ቅሬታ እንዳይመስልዎ።

፩. ጎረቤቴን ታዛዥ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። ከእኔ ቀጥሎ ባለው ቤት ብቻቸውን የሚውሉት አሮጊቷ እማማ ኤቫንቲያ፣ ልጃቸው ከወደብ ሥራዋ ስትመለስ ትኩስ ነገር እንድትቀምስ ሽምብራቸውን የሚጥዱት በዚያው በእረፍት ሰዓት ነው። ትእዛዝዎን ካነበቡ ጀምሮ የክዳኑን ማስተንፈሻ በእርጥብ ፎጣ ይሸፍኑና የእብነ በረድ ሙቀጫቸውን ይጭኑበታል። «እማማ፣ ይሄ እኮ ይፈነዳል!» ብላቸው፣ «ተይኝ ልጄ፣ ሰውዬው ይቆጣል። ደግሞ ድስቷ ስንት ዘመን አብራኝ ኖራ ዛሬ ምን ታደርገኛለች?» አሉኝ።

፪. ፉጨቱ የድስቱ መተንፈሻ መሆኑን፣ የሽምብራ ልጣጭ ከአረፋው ጋር ተነሥቶ ያችን ጠባብ ቀዳዳ ያለ ማንም እርዳታ ሊደፍናት እንደሚችል፣ ስለዚህም ድስቱ ከግማሽ በላይ እንደማይሞላ፣ ቀዳዳዋም ከመጣዱ በፊት ተጠርጋ እንደምትታይ፣ እንፋሎቱም ወጥቶ ሳያልቅ ክዳኑ እንደማይነካ ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ዕድሜዎን በመርከብ ሞተር ክፍል የፈጁ ሰው ነዎት። በመርከብዎ ላይ ያለውን የእንፋሎት ጋን መተንፈሻስ ለእንቅልፍዎ ሲሉ ይደፍኑት ነበር?

፫. ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ ይህንኑ ስነግርዎ፣ «ወይዘሮ ቫሲያ፣ ማስታወቂያው ግልጽ ነው። የፈለገ ይቀቅል፣ ግን ዝም ብሎ ይቀቅል!» በማለት በትሕትና አሰናብተውኛል። እነሆ ድስቱ ዝም ብሏል። ድሮ በዚያ ፉጨት ስነጫነጭ የነበርኩት ሴት ዛሬ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ፉጨቱ እንዲሰማኝ እለምናለሁ። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ። ለእሳቸው እፈራለሁ።

፬. የእማማ ኤቫንቲያ ማድቤት ጣሪያ የእርስዎ መኝታ ቤት ወለል ነው። ይህን የጠቀስኩት እንዲሁ ለመረጃ ያህል ነው።

ለእንቅልፍዎ ርዝመትን፣ ለአልጋዎ ጽናትን፣ ከአልጋዎ በታች ላለው ሲሚንቶ ደግሞ የበለጠ ጽናትን እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

ጎረቤትዎ ቫሲያ ዴሊያኒ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ልለጥፍ ስወጣ የሽምብራው ሽታ ኮሪደሩን ሞልቶታል፤ ድምፅ ግን የለም። እማማ ኤቫንቲያ የመስሚያ መሣሪያቸውን አውልቀው ጋደም ሳይሉ አልቀሩም፤ በራቸውን ብደበድብ አልሰሙኝም። የምድጃቸውን ኤሌክትሪክ ላጥፋ ብል የቆጣሪው ክፍል ቁልፍ እርስዎ ዘንድ ነው። ደወልዎን ደጋግሜ ደወልኩ፤ በእረፍት ሰዓት እንደማይከፍቱ አውቃለሁ። ስለዚህ ወረቀቱን መለጠፉን ትቼ በበርዎ ሥር አስገባና በርዎን በመዶሻ መምታት እጀምራለሁ። ለጩኸቱ የፈለጉትን ያህል ይቅጡኝ፤ ብቻ ቁልፉን ይዘው ይውጡ።