የኤሊ በር

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም መረብ ስንጠግን ዋልን፣ እኔና አክስቴ። ወደቡ ጀርባ ባለው የቆርቆሮ መጋዘን፣ መስኮቱ ሥር። እሷ ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ። ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ ቀኑ የሚያልፈው እንዲህ ነው። ጣቶቼን ናይለኑ ቆራርጧቸዋል። «ሽማግሌ ሲላክብሽ እጅሽን ደብቂ» ብላ ሳቀችብኝ አክስቴ። ፊቴ ጋለ።

አባዬ ማታ ከሚሠራበት የዓሣ መርከብ ወርዶ ድርሻውን ዓሣ ይዞ ገባ። እማዬ ጠበሰችው። ጥሩ ነበር… ግን የድሮው ዓሣ ትዝ አለኝ። ያኔ አባዬ የራሱ ትንሽ ጀልባ ነበረችው። በመንጠቆ ነበር የሚያጠምደው። እኔ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። ዓሣ ሲነካ ክሩን ያስይዘኛል።

«ምን ይልሻል?»

«ይመታል። እንደ ልብ።»

ጀልባዋ አሁን ጓሮ ተገልብጣለች። እማዬ ልብስ ታሰጣባታለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

የመርከቡ ትልቁ መረብ መጣ። የዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪዎች ኤሊ የምታመልጥበት በር ካልወጣለት ባሕር አይገባም ብለዋል አሉ። በሩን የምናወጣው እኛ ነን።

መረቡ የባሕሩን ወለል እየጠረገ ነው የሚሄደው፤ ያገኘውን ሁሉ ያፍሳል። ስንዘረጋው ሸርጣን፣ ኮከብ ዓሣ፣ ጣቴን የማያክሉ ዓሣዎች… ሁሉም የደረቁ። እነዚህን ለምጃቸዋለሁ። ከታች እጥፋቱ ውስጥ ግን ኤሊ ነበረች። ትንሽ ናት፣ ትሪ ብታክል ነው። አክስቴ «ቁረጪና አውጫት፣ ፊቷን አትዪ» አለችኝ።

አየሁት።

ኤሊ እንደኛ አየር ትፈልጋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ውስጥ ኖራ ውሃ አፈናት። ማን ሊበላት? ማንም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

እራት ላይ ዓሣው አልወርድ አለኝ። እማዬ ግንባሬን ነካች፣ ትኩሳት የለም። «በዓሣ አድገሽ ዛሬ ዓሣ ናቀሽ?» አለች። አባዬ አየኝና የኔን ድርሻ ወደ እማዬ ሳህን ገፋው። ቅር ብሎታል። ያን ዓሣ ለማምጣት እጁ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ።

ምን ልበለው? ዓሣውም እኮ ነፍስ ነበረው። ለኤሊዋ አዝኜ ለዓሣው የማላዝነው ለምንድን ነው? ኤሊዋ ፊት ስላላት? ወይስ ዓሣውን ስለምንበላው፣ እሷ ግን በከንቱ ስለሄደች? ለሞተው ግን ምን ልዩነት አለው…

አላውቅም። ዳቦ በሻይ በልቼ ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ባልቴቷን አስታወስኩ። እንዴት ረሳኋት?

ትልቅ ኤሊ ነበረች። አንገቷ ስለተጨማደደ አባዬ ነው ባልቴቷ ያላት። ጠዋት ጠዋት በጀልባችን ሥር ታልፋለች። ጥላዋን ከሩቅ ሲያይ «እመት መጡ፣ መንገድ እንልቀቅ» ይላል። ሁለታችንም ክሮቻችንን ስበን እናወጣለን። መንጠቆው እንዳይነካት። ዓሣ እየነከሰ ቢሆን እንኳን ያወጣዋል። እስክታልፍ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። ከዚያ አንገቷን ብቅ አድርጋ ፉ ትላለች። «ሰላም አሉሽ፣ መልሺ እንጂ» ይለኛል። አፍሬ አልመልስም። ለኤሊ እንኳን አፍራለሁ!

ከዚያ ጀልባዋ አረጀች፣ ዓሣውም ራቀ። አባዬ መርከቡ ላይ ተቀጠረ። ስለ ባልቴቷ አንስቶ አያውቅም።

በሩን ዛሬ ጨረስነው። ጠርዙን እኔ ነኝ የሰፋሁት። በዕድሜዬ እንደዚህ አሳምሬ ሰፍቼ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ጠዋት ተቆጣጣሪው መጥቶ በሩን አየና ፈቀደ። እሱ እንደሄደ ካፒቴኑ መጣ። ሁልጊዜ ስለሚያፏጭ ፉጨት ነው የምንለው። እያፏጨ መረቡን ዞረውና «በሉ አሁን ዝጉት። በኤሊው በር ዓሣውም እየወጣ ምን ልንበላ ነው?» አለ። አክስቴ ቀና ብላ እንኳን አላየችውም። የእንጨቱን መርፌ ለእኔ ሰጠችኝ። «አንቺ የከፈትሽውን አንቺ ዝጊ» አለችኝ፣ ለቀልድ መሰላት።

ዘጋሁት። ግን በአባዬ ቋጠሮ። ጀልባዋን ግንዱ ላይ እንዳስር ያስተማረኝ ነው። እንዲሁ ስታዪው ድፍን ያለ ነው፣ ሲስቡትም ይጠብቃል፤ ከባድ ነገር ከውስጥ ሲገፋው ግን ተንሸራቶ ይፈታል። ዓሣ አይፈታውም። ኤሊ ትፈታው ይሆናል።

እጄ ሠራው። እኔ ያሰብኩበት አይመስለኝም። ወይስ አስቤበታለሁ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

መረቡ ተጫነ። አባዬም አብሮ ሄደ። ምነው አንድ ቃል በነገርኩት…

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

መርከቡ ገባ። ፉጨት አያፏጭም ነበር። በሩ ባሕር ላይ ተከፍቶ ግማሹ ዓሣ አምልጦታል። መጋዘኑ ድረስ መጥቶ የሰፋው ማን ነው አለ። አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ነኝ ልል ስል እጄ መርፌውን መረቡ ሥር ደበቀ። አባዬ ከኋላው ቆሞ ነበር።

«ሴቶቹን ተዋቸው። እኔ ነኝ የፈታሁት።»

ያለው ይኸው ነው። ፉጨት መሬት መሬት እያየ ከነገ ጀምሮ እንዳይመጣ ነገረው። አባዬ የጎማ ጫማውን አውልቆ፣ አጥቦ፣ የመጋዘኑ ደጃፍ ላይ አስቀመጠለት። ጫማው የመርከቡ ነው። በካልሲ ቤት ገባ።

እማዬ አላለቀሰችም። ዕቃ ማጠብ ጀመረች፣ የታጠበውን ደግማ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት ጓሮ ሄድኩ። አባዬ ልብሱን ከጀልባዋ ላይ እያነሳ ነበር። ይቅርታ ልለው አስቤ ማልቀስ ብቻ ሆነ።

«ቋጠሮሽን መረቡን ስንጥል አወቅሁት» አለኝ። «ጫፉን ወደ ግራ ነው የምትጥይው። ስንት ጊዜ ነግሬሽ እምቢ ያልሽው።»

ለምን ደግመህ አላሰርከውም አልኩት።

«ላስረው እጄን ሰድጄ ነበር።» ያነሳውን ልብስ አጣጠፈ። «ባልቴቷ ትዝ አለችኝ። እኔ ብቻ የማስታውሳት ይመስለኝ ነበር።»

ወጣች ወይ? አልኩት።

«አንዷ ወጣች። ስንጎትት አየኋት። እሷ ትሁን ሌላ… እንጃ።»

ከዚያ መፋቂያ ሰጠኝና የጀልባዋን ሆድ መፋቅ ጀመርን። እማዬ በመስኮት «ልብሴን የት ላስጣ ነው?» አለች። ተቆጥታ ነው፣ ግን ሻይ አመጣችልን።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ዛሬ ዓሣ በላሁ።

ሳንቃዋን ደፍነን፣ ቀለም ቀብተን፣ ከሰሞኑ ነው ባሕር የገባነው። የምናገኘው ትንሽ ነው። አንዳንድ ቀን ምንም የለም፣ እማዬ «ዛሬስ ባሕሩ ጾመኛ ነው?» ትለናለች። አክስቴ አሁንም ትንሽ ትኮሳተርብኛለች። መጋዘኑ ውስጥ ግማሽ ቀን እሠራለሁ። በር ዝጊ ቢሉኝ እንደማልዘጋ ነግሬያታለሁ።

ዛሬ የያዝነውን አንዱን ዓሣ እኔ ነኝ ያወጣሁት። እጄ ላይ መታ፣ እንደ ልብ። ከዚያ አቆመ። ጥያቄዬ አላለቀም፤ እሱም መሞት አልፈለገም። ግን የወሰድነው እሱን ብቻ ነው፣ ምንም ሳናስቀር በላነው። እማዬ ጭንቅላቱን ለአባዬ አወጣች፣ ጭራውን ለኔ።

ከዚያ በፊት፣ ጠዋት፣ አባዬ ድንገት ቀና አለ። ከሩቅ ጥላ እየመጣ ነበር፣ ሰፊ፣ ቀስ ያለ። «እመት መጡ» አለ በሹክሹክታ። ሁለታችንም ክሮቻችንን ስበን አወጣን።

ደመና ነበር።

አባዬ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን ክሩን መልሶ የጣለ የለም። እጃችንን አጣጥፈን ደመናው እስኪያልፍ ጠበቅን።