ሰሊጥዎ ደርሷል፣ ክቡር ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ ሰጠኝ ቸሩ
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤናዎ፣ በተለይም ወገብዎ፣ እንዴት እንደ ሰነበተ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ሌላውን ሰውነትዎን ያልጠየቅሁት ንቄው ሳይሆን፣ በዚህ ሰሞን ከሁሉ አብልጦ የሚያስፈልግዎ ወገብ ስለሆነ ነው።

እኔ ጸዳለ ማሩ እባላለሁ፤ ያለ ፍርድ ያሰሩት የአቶ ለይኩን ደረበ ሚስት ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ እስከ ዛሬ ለቢሮዎ ያስገባሁት ማመልከቻ ሁሉ መልስ ስላጣ፣ ምናልባት ሰው ሲያነበው ይሰሙ እንደሆነ ብዬ ነው። የማመሰግንዎ ነገር ብዙ ስለሆነ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩. ባሌ አምና በቀበሌው ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ የምክር ቤቱ ምርጫ መቼ እንደሚካሄድ ሲጠይቅ፣ ጥያቄውን ሳይንቁ ወዲያው ማረፊያ ቤት ስላዘጋጁለት አመሰግናለሁ። እርስዎ ወንበሩን ከያዙ ወዲህ ምርጫ የሚባል ነገር እንዳልነበረ እያወቁ የጠየቀዎትን ሰው ሰላም አደፍራሽ ማለትዎ፣ ዓይንዎን በጨው እንዳጠቡ ለሁሉም አሳይቷል።

፪. ሰሊጥ ሰው እስኪፈታ አይጠብቅም። የለይኩን ማሳ ደርሶ ሊረግፍ ሲል፣ ጎረቤቶቻችን እንደ ልማዳችን ማጭዳቸውን ይዘው ለደቦ ወጡ። ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ የወረዱት የቀን ሠራተኞችም ያለ ክፍያ ሊያግዙን አብረው ገቡ። እርስዎ ግን ደቦውን የምርጫ ዘመቻ አስመስለው፣ ያልተፈቀደ ስብሰባ ነው በማለት በሚሊሻ አስበተኑት። በማግሥቱም በአንድ ማሳ ላይ ከሁለት ሰው በላይ ለሥራ የሚሰበሰብ ሁሉ የእርስዎን የጽሑፍ ፈቃድ እንዲይዝ የሚያዝ መመሪያ ለጠፉ። እኔ ማሳው ዳር ቆሜ፣ ሰሊጡ እየተከፈተ መሬት ላይ ሲፈስ አየሁ። ያን ቀን አልቅሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን የያዝሁት ቂም ለለቅሶ ጊዜ አልሰጠኝም።

፫. የፍርድ ቤት ደጅ መጥናት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ከገንዳ ውሃ ጎንደር፣ ከጎንደር ባሕር ዳር፣ ከዚያም አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ ተንገላታሁ። በመጨረሻም የፌዴራሉ ችሎት ለይኩን እንዲፈታ፣ መመሪያዎም እንዲሻር ወሰነ። ክልሎች በአንድ ሕገ መንግሥት አብረው ለመኖር ከተስማሙ፣ የመምረጥና የመሰብሰብ መብት በአንዱ ክልል ሠርቶ በሌላው፣ በደጋው ሠርቶ በቆላው ሊቀር አይችልም ብለው ነበር ዳኞቹ።

እርስዎም ውሳኔውን ከእጄ ተቀብለው፣ ፍርድ ቤቱ የፌዴራል ነው፣ እኛ ክልል ነን፣ እዚህ የሚሠራው የእኔ መመሪያ ነው ብለው መለሱልኝ። ለይኩንም ይኸው እስከ ዛሬ አልተፈታም። ለግልጽነትዎ ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም፤ ቃልዎን ያልሰማ የቀበሌ ሰው የለምና።

አሁን ደግሞ ተራው የእርስዎ ሰሊጥ ሆነ። ፍየል አርደው፣ ጠላ አስጠምቀው ደቦ ቢጠሩ አንድም ሰው ሳይመጣ መቅረቱን፣ ጠላውም ሆምጥጦ መደፋቱን በሰማሁ ጊዜ፣ አልዋሽዎትም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ነገር ግን ሰው የቀረው በጥላቻ እንዳይመስልዎ፤ መመሪያዎን አክብሮ ነው። ጎረቤታችን አባ አለነ በዚህ ዕድሜያቸው ሕግ ጥሰው መታሰር እንደማይፈልጉ ተናግረዋል። የቀን ሠራተኞቹም በካቦአቸው በስሜነህ በኩል፣ እጥፍ ቢከፈላቸው እንኳ ያልተፈቀደ ስብሰባ ውስጥ እንደማይገቡ በአክብሮት አስታውቀዋል። ለራስዎ ፈቃድ ጽፈው መለጠፍዎንም አይተናል። ይሁንና ሰው ለራሱ ፈቃድ መስጠት ይችል እንደሆነ መመሪያው ስለማይናገር፣ ጉዳዩ እስኪጣራ እየጠበቅን ነው። ማጣራት ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ከእርስዎ ከራስዎ ተምረናል።

ለይኩንን ይፍቱት። የፍርድ ቤቱንም ውሳኔ በገበያ ቀን በራስዎ አንደበት ያንብቡልንና ምርጫው መቼ እንደሆነ ይንገሩን። መመሪያው መሻሩን ከአፍዎ በሰማን ሰዓት አገሩ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣልዎታል፤ እኔም ብጠላዎትም እወጣለሁ። እስከዚያው ድረስ ግን እንደ ሕግ አክባሪ ዜጋ ቤቴ ተቀምጬ የነፋሱን አቅጣጫ አያለሁ።

መመሪያዎን ቃል በቃል የምትፈጽም፣ የማሳዎንም ሁኔታ ከሩቅ ሆና በጽሞና የምትከታተል፣

ታዛዥዎ
ጸዳለ ማሩ

ግልባጭ፦
ማጭድ ላለው ሁሉ

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ እፀገነት ዛሬ ጠዋት ማጭድ ሊዋሱኝ መጥተው ነበር፤ ሳልሰስት ሰጥቻቸዋለሁ። ብቻቸውን እያጨዱ ስለሆነ ስብሰባ አይባልም። እርስዎም ሄደው ቢያግዟቸው ሁለት ስለምትሆኑ መመሪያው ይፈቅድላችኋል። ሦስተኛ ሰው ከተጨመረ ግን እኔው ራሴ ሄጄ አመለክታለሁ፤ ማረፊያ ቤቱ ውስጥ ከለይኩን አጠገብ ሰው የሚያስተኛ ቦታ አለ።