የፒክአፑ የፊት እግር

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከረምክልኝ? እኛ፣ የአባዬ ልብስ በግራሶ ከመበላሸቱ በቀር፣ ሁላችንም ደህና ነን።

ጎረቤታችን አባዬን ከፒክአፑ ሥር አይቶ «ሰውዬው ፒክአፑን ሊሸጠው ነው መሰለኝ» ሲል ሰምቼ አምኜው ነበር። ለካ ባለፈው ሳምንት መንገዱ ሲያንገጫግጨን እማዬ ዓይኗን ጨፍና በሩን ጭምድድ አድርጋ መያዟን አባዬ አይቶ ኖሯል። መንገጫገጩን የሚያበርደውን፣ የተበላውን የፊት እግር በአዲስ ሊቀይር ሁለት ቀን ሙሉ ከመኪናው ሥር ዋለ፤ ምሳ ደረሰ የምንለው ለጫማው ነበር።

ሲጨርስ እማዬን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አስይዞ ሰፈሩን አዞራት።

«ፈሰሰ?» አላት።

«ከየት መጥቶ? ጠጣሁት እኮ።»

እንደገና ሞልቶላት አዞራት። ጠብ አላለም።

ሁለቱም ስመውሃል፤ እኔም እህትህ እንዲሁ። ከእንግዲህ እማዬ ለሕክምናዋ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሆስፒታል ስለምትውል፣ በነዚያ ቀናት ማታ ደውል።